ማሬ ጭድ ለመደች

ደምበጫ አጠገብ፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት

ለጌታዬ ለአቶ ታረቀኝ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛስ ቆመን እንሄዳለን። ይህን ወረቀት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት በቆባቸው ሸሽገው ያደርሱልዎታል። በፊደሌ አይሳቁ፤ የቄስ ልጅ ብሆንም ሴት ናት ብለው ከዳዊት ሳልደርስ አስቁመውኛል።

«ማሬን ይዘሽ እኔ ወዳለሁበት ዱር ነይ፤ ወንድሜ አንሙት ይመራሻል» ብለው ልከውብኝ ነበር። ላኪ ምን አለበት። ልጅዎን ያውቋታል፤ ሰው ሲነካት የምትጮኽ፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን የምትደፍን፣ በሰባት ዓመቷ ከቁርበቱ ወርዳ ሣር የማትረግጥ። እንኳን የሦስት ቀን መንገድ፣ እስከ ወንዙስ መች ወርዳ ታውቃለች?

አንሙት ግን የቆሰለ እግሩ እስኪሽርለት እኛ ዘንድ ተሸሽጎ ሳለ ጨዋታ አስጀመራት። መጀመሪያ አንዲት ገለባ በመዳፏ፣ ሰንበት ብሎ አንድ ጭብጥ፤ ኋላ ራሷ የጭዱ ክምር ላይ ወጥታ ተንሸራተተች። ከዚያ ድብብቆሽ መጣ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ኩኩሉ» ስል፣ አጎትና ልጅ ጭድ ውስጥ ተቀብረው «አልነጋም» ይሉኛል። አጥር ዘለለች፤ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻገረች። አንድ ቀን ራሷ ወዳ እጄን ያዘችኝና አለቀስኩ። ጾም ሳይገባ እንነሣ ተባባልን።

ቅበላ ሰሞን ጣሊያን ባንዳ አስከትሎ መጣ። አንሙትና ማሬ ጭዱ ውስጥ ገቡ። ማሬን «ትንፍሽ እንዳትዪ» አልኳት። አንዲት ገለባ የማትታገሥ የነበረች ልጅ ያን ሁሉ ጭድ ለብሳ ዝም አለች። ቤቱን በርብረው ሊሄዱ ሲሉ፣ አንዱ ባንዳ፣ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ከክምሩ ሥር የልጅ ዱካ አየ። ሣቅ አለና «ኩኩሉ» አለ።

«አልነጋም» አለች ልጄ።

ትንፍሽ እንዳትዪ ብያታለሁ፤ ለኩኩሉ አትመልሺ ግን አላልኳትም። የጨዋታው ሕግ መመለስ ነው፤ ያስተማርናትም እኛው ነን።

አንሙትን በገበያ ቀን ሰቀሉት። ሬሳውንም ከለከሉን። እርምዎን ያውጡ፣ ጌታዬ።

ማሬ አልገባትም። ቀኑን ሙሉ ክምሩ ላይ ስትዘል ትውላለች፤ የምትፈራው ነገር የለም። «እማዬ፣ ከአጎቴ ይልቅ እኔ ጮክ ብዬ መለስኩ አይደል?» አለችኝ። አዎ ልጄ አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት? አሁን እጄን ስትይዘኝ ሰውነቴ ይሸሻታል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እንግዲህ አንመጣም። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እኛን የተዉን እርስዎን ሊያጠምዱብን ነው፤ ደጃችን ይጠበቃል። እርስዎም እንዳይመጡ። እኛን ከሞቱት ይቁጠሩን።

አገሩ «ማን ጠቆመ?» እያለ ያንሾካሽካል። ሴትዮዋ ናት የሚሉ አሉ፤ አላስተባበልኩም። ባስተባብል፣ ልጅቷ ነገ ስታድግ በእሷ ድምፅ መያዙን ትሰማለች። አብረውዎት ያሉት አርበኞች ቢጠይቁዎ፣ እርስዎም ሚስቴ ናት ይበሉ። የመጣ ቢመጣ እኔን ያግኘኝ።

የመርጡለ ማርያሟ እመቤት ከጥይት ትሰውርዎ።

ሚስትዎ ሥራነሽ