ሦስት ጊዜ ስለተቆጠረችው ባልደረባዬ

…አንዱ ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ መስኮቱ ሥር፣ አንዷ ነጠላ ጫማዬን ይዛ፣ ሦስቱ… ሦስቱ የት ነበሩ? በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ነው ይህን ራሴን የጠየቅኩት።

ይቅርታ። ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል።

ለተከበሩ የሕፃናት ማቆያዎች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ።

እኔ ፈቃድ ባለው አንድ ማቆያ ውስጥ፣ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ክፍል የምሠራ ሞግዚት ነኝ፤ እስካለፈው ሰኞ ድረስ ማለቴ ነው። በላኩልኝ ደብዳቤ “ሰባት ሕፃናትን ለአራት ደቂቃ ያለ ተንከባካቢ ጥላ በመውጣቷ” የሙያ ፈቃዴ መታገዱን አውቄ፣ ጨርሶ እንዳይሰረዝ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ እንድሰጥ ታዝዣለሁ። መልሴ ይኸው።

1. በቅድሚያ ስለ ደንቡ አመሰግናለሁ። “ዓመት ላልሞላቸው አራት ሕፃናት አንድ ሞግዚት” የሚለውን የጻፈው ሰው፣ ሰው ሁለት ክንድና ሁለት ጭን ብቻ እንዳለው የተረዳ መልካም ሰው መሆን አለበት። በክፍላችን ስምንት ሕፃናት አሉ፤ እኔና ባልደረባዬ ሁለት ነን። በወረቀትም በምንጣፍም ልክ ነበርን።

2. ተቆጣጣሪዎ የሚመጡበትን ቀንና ሰዓት ከሳምንት በፊት ስለሚያሳውቁን አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ፊኛ የሚያስነፉበትና በሦስት ቀለም ሽርጥ የሚያሰፉበት በቂ ጊዜ አገኙ።

3. ተቆጣጣሪዎ ወደ ክፍላችን ገብተው “ሁለት” ብለው ጻፉና በዋናው በር ወጡ። ወዲያው ሥራ አስኪያጃችን በጓሮ በር ብቅ ብለው ባልደረባዬን፣ በፍጥነቷ ነፋሷ የምንላትን፣ ጠሯት።

“ቶሎ በይ እንጂ! ሰማያዊውን ልበሺ፣ እዚያ አንድ ሰው ጎድሎናል።”

“እሺ እትዬ፤ እዚህስ?”

“እዚህማ ተቆጥሯል!”

እንዲህ ሆኖ ነፋሷ በሦስት ክፍል፣ በቢጫ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ሽርጥ ተቆጠረች። በሦስተኛው ክፍል ተቆጣጣሪዎ ላቧን አይተው “አይዞሽ፣ ሥራ በዝቶብሻል መሰለኝ” ብለዋታል። ለዚህ አሳቢነታቸው በተለይ አመሰግናለሁ።

4. እዚህ ላይ ቁጥሬ ይሰናከላል።

ከፊኛዎቹ አንዱ ፈነዳ። ስምንቱም ደነገጡ፤ ሰባቱ አለቀሱ። ያላለቀሰው ጉንጮ ነበር፤ የዘጠኝ ወር ልጅ ነው፣ ስሙን ያወጣንለት ከፊቱ ነው። የፊኛውን ቁራጭ መቼ አንስቶ ወደ አፉ እንዳስገባው አላየሁም። ከስምንቱ አራቱን እያየሁ ነበር፤ ደንቡ እንደሚለው።

ክንዴ ላይ በሆዱ አስተኝቼ፣ እንደተማርኩት ጀርባውን አምስት ጊዜ መታሁት። ገልብጬ ደረቱን ተጫንኩ። ደገምኩ። ከንፈሩ ጠቆረ። ተጣራሁ፤ ነፋሷ አረንጓዴ ለብሳ ሌላ ክፍል እየተቆጠረች ነው። ስልኮቻችን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ባጸደቀው መመሪያ መሠረት፣ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ከመንገዱ ማዶ ክሊኒክ አለ። ልጁን ታቅፌ ወጣሁ፤ ሰባቱ እየዳሁ ወደ ደረጃው እንዳይሄዱ በሩን ዘጋሁት።

ቁራጩ የወጣው ኮሪደሩ ላይ፣ ተቆጣጣሪዎ ፊት ነው። ጉንጮ ጮኸ። ጩኸት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተቆጣጣሪዎ ልጁን አዩ፣ ወረቀታቸውን አዩ፣ ከዚያም ደንቡን በቃሉ የያዘ ሰው ብቻ ሊያስበው የሚችለውን ጠየቁኝ፦ “ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?”

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሳህን ሳጥብ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ እኔም እጠይቀዋለሁ። ስመለስ ሰባቱም ወደ በሩ ዞረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። የወደቀ የለም፣ የተጎዳ የለም። ግን ማልቀሳቸውን ትተው ነበር። ሰባት ሕፃናት አንድ ላይ ዝም ሲሉ ሰምተው ያውቃሉ? በላኩልኝ ቅጽ ላይ ይህ የሚሞላበት ቦታ አጣሁ።

5. ሪፖርትዎ ማቆያችን “በሁሉም ክፍሎች የሞግዚት ቁጥር የተሟላ” መሆኑን ይመሰክራል። ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት በዚያች ሰዓት ክፍሌ ውስጥ ሁለት ሞግዚቶች ነበሩ፤ በሌላው ወረቀት መሠረት ደግሞ ልጆቹን ያለ ሞግዚት ጥዬ ወጥቻለሁ። በሁለቱም ላይ ያለው ማኅተም አንድ ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚቆሙ ያልገባኝ በትምህርቴ ማነስ ይሆናል።

የምለምነው ትንሽ ነው። ፈቃዴን ይመልሱልኝ፤ ከሥራው ሌላ የማውቀው የለኝም። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ለወደፊቱ ሞግዚቶች ይጠቅማልና፣ የማይተነፍስ ልጅ ክንድ ላይ ይዞ ተተኪ ሠራተኛ መጠበቅ የሚገባው ለስንት ደቂቃ እንደሆነ በቁጥር ያስታውቁልን።

ቆጠራዎ ሁልጊዜ እንዲሞላልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከሁለት ባዶ ክንዶች ጋር፣

አንድ ጊዜ ብቻ የተቆጠረችው ሞግዚት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤው ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ የወጣበትን ምክንያት ላስረዳ። ዛሬ ጠዋት በእጄ ላስገባው ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። መዝገብ ቤቱ ጋ ተራዬ ሲደርስ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ቆጠርኩ፦ አርባ አንድ ባለጉዳይ፣ አንድ ሠራተኛ። ለዚህም ደንብ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። “አለ እንጂ እህቴ፣ ያውና ግድግዳው ላይ” አለኝ። እውነትም ተለጥፏል። ደብዳቤውን ስዘረጋለት፣ ከፎቅ አንድ ድምፅ ጠራው፦ “አንተ! ቶሎ ውጣ እንጂ፣ ሊቆጥሩን መጥተዋል፣ አንድ ሰው ጎድሎናል!” ብድግ አለ። ከወንበሩ ጀርባ ሌላ ኮት አንስቶ ደረበ። ደብዳቤው እጄ ላይ እንዳለ፣ አርባ አንዳችንም እንደቆምን፣ ወጣና በሩን ዘጋው።