የእትዬ ጀማነሽ የስለት በግ

ጥር 3
ከካዛንቺስ ከቢሮ ስመለስ በጉ የግቢውን በር ዘግቶ ቆሟል። ጎረቤቴ እትዬ ጀማነሽ ለቂርቆስ የተሳሉት ነው። ልጃቸው መድኃኒት ሁለት ጽንስ ከጨነገፈባት በኋላ ፍሬአብን በሰላም ስለተገላገለች። ግቢው ሁሉ ያበላዋል... ዳቦ፣ ስንዴ። እትዬ ደግሞ ዱቄት በሳህን። "የስለት በግ ከስቶ ይሄዳል እንዴ?"

ጥር 7
በጉ ግድግዳውን በግንባሩ ይገፋል። ከዚያ በአንድ ወገን ብቻ ይዞራል። ማታ ወደቀ፣ እግሮቹ ይንፈራገጡ ጀመር። ምን ነክቶት ነው?

ጥር 8
ሞተ። ፍረወይኒን ጠራኋት። የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም፣ አሁን ላብራቶሪ የምትሠራ።
"አንጎሉን ልመርምረው፣ ራሱን ልውሰድ?"
"የስለት በግ ራስ!" አሉ እትዬ። ቆይተው... "ውሰጂው፣ ልጄ። ግን ያገኘሽውን ለራሴ ንገሪኝ።"

ጥር 10
መድኃኒት አለቀሰች። እናቷ ፍሬአብን ማቀፍ ትተዋል። "ስለቴን አልተቀበለኝም። የሰጠኝን ሊወስድ ነው። በእኔ እጅ ላይ አይሁን" አሏት። ልጁ እጁን ሲዘረጋላቸው ወደ ጓዳ ይገባሉ።
ቂርቆስ ራሱ ሕፃን ነበር... ሕፃን ቂም ይይዛል?

ጥር 11
ጥምቀት። እትዬ ከቤት አልወጡም።

ጥር 13
ፍረወይኒ ደወለች። የገደለው ጥጋብ ነው። እህል ሲበዛ አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ይባዛል፣ መርዝ ይለቃል፤ መርዙ በደም አንጎል ይደርሳል። "አንጎሉ ያብጣል፣ አየር ያጥረዋል። ደሙ ስኳር ሞልቶት ስኳሩን ወደ ጉልበት መለወጥ ያቅተዋል። በቃ፣ በጥጋብ መሃል ይራባል።"
"በሽታ ነው በያቸውና ተዪው" አልኳት። "በእጃቸው እንደገደሉት ይስሙ?"
"ለራሴ ንገሪኝ ብለውኛል።"

ጥር 14
መጣች። ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።
"የእኔ ዱቄት?"
"የእርስዎም፣ የጎረቤቱም።"
"የስለት ያልሆነ በግስ ቢበላው?"
"ማንኛውም በግ ሊሞት ይችላል።"
ከዚያ ፊታቸው ፈካ።
"እኔው ነኛ! እሱ አልተቀየመኝም! እኔው ነኝ ደንቆሮዋ!"
የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር... ሳቁ።

ጥር 15
የቂርቆስ ንግሥ። እትዬ ፍሬአብን አቅፈው ከፊት ከፊት ሄዱ። አንዲት ጎረቤት፣ "ስለትዎስ?" አለቻቸው።
"ለከርሞ። ሳር የበላ!"
ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መድኃኒት እጇን ዘረጋች። "እማዬ፣ ደከመሽ፣ አምጪው።"
አልሰጧትም።