ወይዘሮ ኣስገደት ዘመንፈስቅዱስ፣ የሮማዋ የእንግሊዝኛ መምህርት

ወይዘሮ ኣስገደት ከአባታቸው ከአቶ ዘመንፈስቅዱስ ሃብቴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ወልዱ እ.ኤ.አ. በጁን 1951 በአስመራ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተከታትለው፣ አዲስ አበባ ገብተው በእንግሊዝኛ መምህርነት ተመረቁ። አስመራ ተመልሰው ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ ጦርነቱ ሲበረታ በ1976 ወደ ሮማ መጡ።

እዚህ ያገኙት ሥራ የቤት ሠራተኝነት ነበር። በ1979 ከአቶ ገብረንጉስ ፍረዝጊ ጋር በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሲኒትንና ኣብሰሎምን ወለዱ። ከ1991 ጀምሮም የቤት ሠራተኞች በሚያርፉበት በሐሙስ ከሰዓት፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በተባለው የሮማ ሰፈር በተከራዩዋት ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር።

የቃላትን የዘር ሐረግ መቁጠር ይወዱ ነበር። በተለይ «ሲሊ» የምትለዋን ቃል ሳይሰማ የወጣ ተማሪ የለም። ይህች ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ «የተባረከ» ማለት ነበረች፤ ቆይታ «የዋህ»፣ ከዚያም «ምስኪን» ሆነች፤ ዛሬ «ቂል» ማለት ሆና ቀርታለች። «የእኛም የዋህ ወደዚያው እየሄደ ነውና ጠብቁት» ይሉ ነበር።

በኦገስት 2017 ስደተኞች ሰፍረውበት የነበረው የቪያ ኩርታቶኔ ሕንፃ ነዋሪዎች በፖሊስ ተገደው ሲወጡ፣ ተማሪያቸው አርሴማ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሜዳ ላይ ወደቀች። ወይዘሮ ኣስገደት ሦስቱንም ይዘው ቤታቸው ገቡ። አከራያቸው ከኮንትራቱ ውጭ ሰው እንዳይገባ አስጠንቅቀው ነበርና አቶ ገብረንጉስ ደነገጡ።

«አንቺ ሴት፣ ሲሊ ሆነሻል እንዴ? እኛንም ያስወጡናል!» አሏቸው።

እሳቸውም ፍራሹ ላይ አንሶላ እየዘረጉ፣ «በየትኛው ዘመን ትርጉም ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ገብረንጉስ ሳይወዱ ሳቁ፤ የአንሶላውንም ሌላ ጫፍ ያዙላቸው።

የተፈራው አልቀረም። ኮንትራቱ አልታደሰምና በሚቀጥለው ዓመት ከከተማዋ ዳር ቶር ቤላ ሞናካ ወዳለች ጠባብ ቤት ተዛወሩ። አርሴማ ግን በዚያ መካከል ሥራ ይዛ የራሷን ክፍል ተከራየች። ወይዘሮ ኣስገደት የለቀቁት ቤት በተነሣ ቁጥር «የሚናፍቀኝ ሰገነቱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ዐርፈዋል። አቶ ገብረንጉስን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሃበንን ትተውልናል።

የስደተኞች መጠጊያ የሆነ አምላክ ነፍሳቸውን ማንም በማያስለቅቃት ቤት ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።