ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ጠበል

ሙልዬ፣

ከተለያየን ሦስተኛው ጥምቀት አለፈ። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ አልቀመጥም። አልጋውን ወደ መስኮቱ ወሰድሁት፣ አልወደድሁትም፣ መለስሁት። ልጃችን ለማስተማር ድብ ባሕር ተመድባ ሄዳለች፤ ቤቱ ባዶ ነው።

ዘንድሮ ቀሐ ወርጄ ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ ዘለልሁ። በዚህ ዕድሜዬ። ውሃው ተባርኮ ጎረምሶቹ ሲዘሉ ቆሜ ማየት አቃተኝ። ጎረቤታችን አያ ደምሌ ከዳር ሆኖ «ምነው! ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?» እያለ ሕዝቡን አሳቀብኝ።

ስወጣ ቀኝ ጆሮዬ ተደፍኗል። ደህናው ጆሮዬ። ግራውን በልጅነቴ፣ ወንዝ ዋኝቼ ስመለስ፣ በክብሪት እንጨት ጎርጉሬ እንዳጠፋሁት ታውቂያለሽ። አሁን ሁሉም ነገር ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ መሰለኝ፤ ቅዳሴው ሳይቀር። ጠበል ነው ብዬ ሁለት ቀን ተውሁት። እንዳይፈስብኝም አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነበር የምሄደው፤ ታቦት ያደረበት ውሃ መሬት ላይ ይንጠባጠባል? በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ክብሪቱን አነሣሁ።

እንጨቱን ጆሮዬ ደጃፍ አድርሼው ሳለ ልጃችን ገባች። ስትደውል «አቤት? አቤት?» ብቻ ስላልኋት ደንግጣ በመጀመሪያው ማኪና መጥታለች። እንጨቱን ነጠቀችኝ። «አባ፣ ጠበልም ቢሆን ውሃ ነው!» ብላ ስትጮህ እሱ ተሰማኝ። ምክንያቴን ስነግራት ሳቀች፤ ቢሆንም ነጠላዋን አጣጥፋ ትራሱ ላይ አነጠፈችው፤ ጠበሉ መሬት እንዳይነካ።

አንቺ በልጅነቷ ታደርጊላት የነበረውን አልረሳችም። በተደፈነው ጎን አስተኛችኝ፣ ጆሮዬን ቀስ አድርጋ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳበችው፣ ከዚያ መጠበቅ ብቻ። ጥጥ የለም፣ ዘይት የለም፣ ጣት መክተት የለም። ካመመኝ ወይም ሳይወጣ ከዋለ ጤና ጣቢያ ልትወስደኝ ወስናለች።

«አትነቃነቅ» አለችኝ። የከበደኝ እሱ ነው። ተኝቼም እግሬ ይሄድ ነበር። ሦስት ጊዜ ልነሣ ስል ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ።

ሙልዬ፣ አንቺም በመጨረሻው ሳምንት የለመንሽኝ ይህንኑ ነበር። «አጠገቤ ተቀመጥ» ብቻ። እኔ ጄሪካን ይዤ ከአንዱ ጠበል ወደ ሌላው ስሮጥ ሰነበትሁ። ከወለቃ ማዶ ቀድቼ ስመለስ ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ውሃው ለብ ብሎ ወጣ። ነጠላው ላይ ጥፍር የማታህል ርጥበት ቀረች። ልጅቱ ደጅ ወጥታ ከአያ ደምሌ ጋር ስታወራ፣ ቃል በቃል ሰማሁ፤ እኔን እያሙ ነው። ልነሣ እችል ነበር። አልተነሣሁም። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትወርድ እንደተኛሁ ቆየሁ።

ይህን ጆሮ እጠብቀዋለሁ። ተቀመጥ ስትይኝ የሰማሁሽ በእሱ ነው። በደንብ ሰምቼሽ ነበር። ያን፣ ሙልዬ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።