ባለቤቴን ዘቅዝቀው ከቅጥሩ ላይ ለገነቡልኝ ሹም

ለክቡር ጌታ ኒኬፎሮስ ሳርዴኖስ
የቁስጥንጥንያ ምዕራብ ቅጥር ጥገና ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም በዚህ ብርድ ከምድጃው የማይለየው ጀርባዎ ደኅና ነውን? እኛ የቅጥር ሥር አትክልተኞች በእርስዎ ጸሎት እስካሁን አለን። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ጸሐፊዎ ሦስት ጊዜ "ጌታ የሉም" ብሎ ስለመለሰኝ፣ ምናልባት ለቅዳሴ ብቅ ሲሉ ያዩት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው። ፊደል የማያውቁት ጎረቤቶቼ ግን ቀድመውዎት በቃላቸው ይዘውታል፤ ስለ ችኮላቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። አያቴ እንደነገሩኝ፣ በጥንቱ ዘመን ሰው ከዚህ ከተማ ተነሥቶ ወር ሙሉ ወደ ምሥራቅ ቢጓዝ ከንጉሠ ነገሥታችን ግዛት አይወጣም ነበር። በኋላ ምሥራቁን ቱርኮች ወሰዱት፤ ሊረዱን የመጡት የምዕራብ ክርስቲያኖችም ከተማዋን ራሷን ዘርፈው የነሐስ ሐውልቶቿን ሳይቀር አቀለጡ። ከተማዋን ብናስመልሳትም፣ አያቴ ልጅ ሳሉ በንግሥ በዓል ያዩት የዘውድ ፈርጥ ባለቀለም ብርጭቆ ነበር። ዛሬ ግዛቱ የሚያልቀው ከጎመን ማሳዬ ጫፍ ነው። ክቡርነትዎ ድንበሩን ለመጎብኘት ፈረስ መጫን አያስፈልግዎትም፤ እኔ ከቁርስ በፊት በከዘራዬ ዞሬ አይልዎታለሁ።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ሳምንት ሰዎችዎ ለቅጥሩ ጥገና የመቃብር ድንጋዮቻችንን ሲነቅሉ፣ የሟች ባለቤቴን የቴዎፋኖንም ወሰዱ። መውሰዳቸውን አልቃወምም፤ ሱልጣኑ ከባሕሩ ዳር ምሽግ ሠርቶ መድፍ እያስጎተተ ነው ይባላል። ነገር ግን ግንበኞችዎ ስሟ የተቀረጸበትን ፊት ወደ ውጭ፣ ያውም ቁልቁል ዘቅዝቀው ገነቡት። አርባ አንድ ዓመት አብራኝ ስትኖር ለማንም አንገቷን ደፍታ የማታውቅ ሴት ይኸው በራሷ ቆማለች። ፊቷን ወደ ጠላት ማዞርዎን ግን አደንቃለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው፤ ከወዲሁ አዝኜለታለሁ።

ሁለተኛ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያለው የሙታን ቅዳሜ የፊታችን ነው። በዚያ ቀን የስንዴ ንፍሮ በዘቢብና በሮማን ፍሬ አስጊጠን ከመቃብሩ ራስጌ እናቀርባለን፤ የሟቹም ስም ይነበባል፤ ስሙ ያልተነበበ ሰው ዳግመኛ እንደ ሞተ ይቆጠርብናል። እርስዎ ደግሞ የቅጥሩን ትንሽ በር አስዘግተዋል። ስለዚህ ራስጌው ከበሩ ማዶ፣ ንፍሮው ከበሩ ወዲህ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቴ እሜቴ ፖሊክሰኒ፣ የባሏ ድንጋይ ከቴዎፋኖ ሥር የተገነባባት መበለት፣ ይህን ስነግራት "እሰይ፣ በቁሙ ክርክር ያልቻላትን አሁን ተሸክሟት ይኖራል" ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሦስተኛ፤ ይህንኑ ለጸሐፊዎ ባስረዳው፣ እጅግ በትሕትና "አባባ፣ አገር እየጠፋ እርስዎ ስለ አንድ ድንጋይ ያወራሉ?" አለኝ።

"ልጄ፣ አገር የምትለው የቱን ነው?" አልኩት። "አንጾኪያን አጣን፣ ኒቅያን አጣን፣ ተሰሎንቄን አጣን። የቀሩን ሙታናችን ናቸው፤ እነሱም ቅጥር ላይ ቆመውልናል። ስማቸውን እንኳ አቃንተን ካላነበብን የምንጠብቀው ምኑን ነው?"

ቀለሙን ማማሰል ጀመረ። ደኅና ልጅ ነው፤ ሹመት ይገባዋል።

አራተኛውን ልተወው ነበር፤ ግን ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የእኛ መቃብር እስኪራቆት ድንጋይ ሲለቀም፣ በግቢዎ ያለው የእብነ በረድ መታጠቢያ በደኅና መትረፉን ሰምተናል። ከተማዋ ብትወድቅ እንኳ ታጥቦ የሚሞት አንድ ሰው ይኖረናል።

እንግዲህ በትሕትና አስታውቃለሁ እንጂ ፈቃድ አልጠይቅም። ድንጋዩ ይነቀልልኝ አልልም፤ ቅጥሩ ይፈልገዋል። ይቃናልኝ እላለሁ። እስከ ቅዳሜ ካልተቃና፣ እኔና አሥራ ዘጠኝ ቤተሰቦች ንፍሯችንን ይዘን ከነቄሳችን እንመጣለን፤ በሩ ቢዘጋም በግንበኞችዎ መሰላል ወደ ውጭ እንወርዳለን። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ስሟን ለማንበብ እኔም መዘቅዘቅ ካለብኝ እዘቀዘቃለሁ፣ ዘበኞችዎ እግሬን ይያዙልኝ። ጠላት የመጣ ዕለትም ዶማዬን ይዤ ከጀርባዋ እቆማለሁ። ከማሳዬ ወዲያ የምሸሽበት አገር የተወልኝ የለም።

ሥልጣንዎ እንደ ቅጥሩ ይጽና፣ ቅጥሩ ግን እንደ ሥልጣንዎ አይሁን እያልኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ዝቅተኛ አገልጋይ፣
የአሥራ አንድ ልጆች አያት፣ የግዛቱ ዳርቻ ጎመን አብቃይ፣
ሊዮንቲዮስ የቴዎፋኖ ባል

ተጨማሪ፦ ትናንት ሎሌዎችዎ ሰባት ሣጥን ወደ ወደቡ፣ ወደ አንድ የውጭ መርከብ ሲያወርዱ ከጎመን ጋሪዬ ጋር መንገድ ተጋፍተን ነበር። መልካም ጉዞ ይሁንልዎ። ቅጥሩ መርከብ ላይ ስለማይጫን፣ የትንሿን በር ቁልፍ ለእሜቴ ፖሊክሰኒ ትተውልን ይሂዱ።