ጃክ ራሂማን ከነከሳት ወዲህ

ልጄ አግማስ፣ እመቤቴ ማርያም በሰው አገር ከክፉ ትሰውርህ። ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ።

ትተኸው የሄድከው ውሻ፣ ጃክ፣ የዛሬ ወር ጎረቤታችንን ራሂማን እግሯን ነከሳት። ስንት መርፌ ተወጋች! የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ሁሉ «ይገደል» ሲል ያስጣለችው እሷው ናት። «ወላሂ፣ ጥፋቱ የውሻው አይደለም፤ ቤታችሁ አዛዥ በዝቶበት ነው» አለችኝ። አፈርኩ፤ እውነቷን ነው። አንተ በስልክ «ያዝ! ያዝ!» እያልክ ታስጮኸዋለህ። ወንድምህ ደጉ ዛሬ ከገበታው ያጎርሰዋል፤ ነገ ደግሞ ወደ ገበታ ቀረብክ ብሎ በእርግጫ ይመታዋል። እንስሳው የቱን ይስማ?

አሁን የማዘው እኔ ብቻ ነኝ። ሳልጮህ «ተቀመጥ» እለዋለሁ፤ እስኪቀመጥ ሳህኑን ይዤ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ሁልጊዜ በዚያው ቃል፣ በዚያው ሰዓት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ትናንት ራሂማ በበራችን ስታልፍ ብድግ አለ። «ተቀመጥ» አልኩት፤ ተቀመጠ። እሷም ሳትሮጥ አለፈች።

የሄድክበት ይቅናህ፣ ፈጣሪ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ብቻ ልለምንህ ልጄ፣ ለእኔ ከመደወልህ በፊት ለራሂማ ደውል። በየሳምንቱ የውሻውን ደህንነት ስትጠይቀኝ፣ የእሷን እግር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅህም።

እናትህ አትጠገብ