የወደቅክበት አራተኛ ክፍል

ላስ ቬጋስ፣ ጥር 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለየሺዋስ፣ ለንደን

ከእኔ ሰላምታ በፊት የእማማ ይድረስህ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። በኮሮና ካዚኖዎቹ ከቀዘቀዙ ወዲህ የባህል ልብስ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ማስክ እየሰፋሁ እሸጣለሁ፤ ገበያው አይከፋም።

ዘበኛ ሆነህ የሠራህበት የእንግሊዞቹ የማፊያ ቤተሰብ ድራማ ከስድስት ክፍል በኋላ ተቋርጧል አሉ። እማማ ግን አራተኛውን ክፍል በየቀኑ ታስከፍተናለች። በጥይት ተመትተህ ደረጃው ላይ ስትወድቅ ያየች ቀን ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቀዘቀች። ልጄ ሄራን ሳቀችባት።

«አያቴ፣ ፌክ ነው! ደሙ እኮ ኬቻፕ ነው!»

«ታዲያ ለምን አልተነሳም?»

«ካሜራው ሲዞር ይነሳል። ደሞዙን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል» አልኳት እኔ።

«አንቺ ሲነሳ አይተሻል?»

ስልክህ ከኅዳር ጀምሮ እንደማይነሳ አልነገርኳትም፤ ሥራ በዝቶበታል እያልኩ ሰላምታህን ራሴ አደርስላታለሁ። ያለፈው ደብዳቤዬም ተመልሶ መጥቷል፤ አድራሻ ተሳስቼ ይሆናል። ይሄኛውን በአከራይህ ስም እልከዋለሁ።

ዛሬ እማማ ሄንደርሰን ከተማ ሐኪም ዘንድ ሳለች አራተኛውን ክፍል ብቻዬን ከፈትኩት። ከወደቅክ በኋላ ካሜራው አንተ ላይ ትንሽ ይቆያል። ምስሉን አስጠግቼ ደረትህን ተመለከትኩ፤ ትተነፍሳለህ። እማማ ስትመለስ አሳየኋት። ደጋግማ አይታ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

እኔ ግን ድራማው የተቀረጸው አምና መሆኑን አልነገርኳትም።

በእጅህ ሁለት መስመር ጻፍልን፤ እስከዚያ ደጅህን መልአክ ይጠብቅልን።

እህትህ ጽጌወይን